ለሰፈሩ የሚተርፍ የስኬትቦርድ ሱቅ እንዴት ይደገፋል?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያዘግም ሰው ብዙም ሳይደክም 11ኛው ጎዳና ከሮድ አይላንድ አቬኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ ሾው የሚባል የስኬትቦርድ ሜዳ አለ። ሜዳው በዓይን ከመታየቱ በፊት በጆሮ ይታወቃል። ጎማ ሲሚንቶ ላይ ሲንከባለል ይጉረመረማል፣ እንጨት መሬት ሲመታ ጧ ይላል፣ ከዚያ የልጆች ሁካታ ይከተላል።

አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ በኩሽኔታ እየተንደረደረ ያደገ ወላጅ ይህን ድምፅ እንዲወድ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከጋራዥ የተለመነ አሮጌ ኩሽኔታ፣ ቁራጭ ጣውላ፣ ጥቂት ምስማር፣ ከዚያ ቁልቁል መንደርደር ነበር። ልጁ ዛሬ ግዙልኝ እያለ የሚነዘንዘው ስኬትቦርድ የዚያው የሥጋ ዘመድ ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ዕቃም ያው ኩሽኔታ ነው፣ መጠኑ አነስ ይላል እንጂ።

ልጁ ሲጠይቅ ግን አብዛኛው ወላጅ የሚሄደው ወደ ትልቁ ሱፐርማርኬት ነው፤ ካልሆነም ስልኩን አውጥቶ ያዛል። ከሁለቱም የተሻለ ሌላ መንገድ አለ። ራሳቸው ስኬተሮች የከፈቱት ትንሽ ሱቅ በብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተማ ይገኛል። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ ከመሸጥ ያለፈ ሥራ ይሠራሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ስኬትፓርክ ኦፍ ታምፓ፣ ሜዳም ሱቅም ሆኖ ሳለ፣ ቦርድስ ፎር ብሮስ በተባለው የበጎ አድራጎት ክንፉ ያገለገሉ ስኬትቦርዶችን ሰብስቦ፣ አድሶ፣ መግዛት ለማይችሉ ልጆች ያድላል። ጀርመን፣ ሙንስተር ከተማ ውስጥ ደግሞ ቲቱስ ዲትማን የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተማሪዎቹን ስኬትቦርድ ሲያስተምር፣ ዕቃውንም ሲሸጥላቸው ቆይቶ፣ ሱቁ ከአውሮፓ ትላልቆቹ አንዱ ሆነ። ሰውየው በ2009 እ.ኤ.አ. ስኬት ኤይድ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ አፍጋኒስታንና ኬንያ ድረስ የልጆች ሜዳ አሠርቷል።

እንዲህ ያለ ሱቅ የሚሰጠው ከካዝናው ነው። ካዝናው ሲደርቅ ለልጆች የሚሰጠው ነጻ ትምህርትም፣ የታደሰው ስኬትቦርድም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሱቁን መደገፍ የሚፈልግ ሰው ትልቁ ሥራው ልገሳ ሳይሆን ደንበኝነት ነው። ከዚህ በታች ያለው እንዴት ጥሩ ደንበኛ እንደሚኮን በቅደም ተከተል ይናገራል።

መጀመሪያ፣ ምንም ሳይገዙ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ገብተው ይታዘቡ። ገንዘብ የሌለው ልጅ ጥግ ይዞ ተቀምጦ የስኬት ቪዲዮ ሲያይ ባለሱቁ ያስወጣዋል ወይስ ስሙን ጠርቶ ያነጋግረዋል? የላላ ብሎን ያለው ልጅ ሲገባ ቁልፍ ያውሱታል ወይስ አዲስ ቁልፍ ሊሸጡለት ይሞክራሉ? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ የዕቃ ብቻ ነው ወይስ የውድድር፣ የሜዳ ጽዳት፣ የሴቶች ልምምድ ቀን አለበት? ከዚያ በቀጥታ ይጠይቁ፤ «ባለፈው ዓመት ለሰፈሩ ምን ሠራችሁ?» የሠራ ሱቅ ቀንና ቦታ ጠርቶ ይመልሳል። «ማኅበረሰባችንን እንወዳለን» ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ሱቁ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም፣ ይህ መመሪያ የሚናገርለት ሱቅ ገና አልሆነም። የበር ተለጣፊና የተሠራ ሥራ ለየቅል ናቸው።

ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ይበጃል፤ ሱቁ ለሴቶች ልጆች ምን አዘጋጅቷል? ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ሲያትል ትልቅ ቅርንጫፍ ያለው ስኬት ላይክ ኤ ገርል የተባለው ድርጅት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተምረው በዋነኛነት ሴቶችን ነው። በየከተማው እንዲህ ካሉ ቡድኖች ጋር የሚሠራ ሱቅ ሴት ልጅ አንገቷን ሳትደፋ የምትገባበት ሱቅ ነው።

ሱቁ ከተገኘ የሚቀጥለው ሥራ የመጀመሪያውን ስኬትቦርድ እዚያ መግዛት ነው። በመጫወቻ መደብር ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጠው ዓይነት ርካሽ ይመስላል። ጎማው አይዞርም፣ ብረቱ አይታጠፍም፣ ልጁ ሁለት ሳምንት ታግሎ «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። ያልቻለው ዕቃው እንደሆነ የሚነግረው ሰው የለም። ትክክለኛው ሰሌዳ፣ ማለትም የሚቆምበት ጣውላ፣ ብዙ ጊዜ ከሰባት ስስ የሜፕል እንጨት፣ እንደ ኮምፔንሳቶ ተነባብሮና ተጣብቆ፣ ሁለት ጫፉ ቀና ብሎ የተሠራ ነው። ሙሉው ስኬትቦርድ ከትንሽ ሱቅ ሲገዛ ከ100 እስከ 180 ዶላር ገደማ ይወጣበታል። ለአዋቂና ለጎረምሳ 8 ኢንች ገደማ ወርድ ያለው ሰሌዳ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ከዚያ የጠበበ ይመረጣል። ሜዳ ውስጥ ለሚነዳ ከ52 እስከ 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጎማ፣ በሻካራ አስፋልት ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድበት ደግሞ ትልቅና ለስላሳ ጎማ ይሻላል። ይህን ሁሉ መሸምደድ ግን አያስፈልግም። የልጁን ዕድሜ፣ የጫማ ቁጥርና የት እንደሚነዳ ለሻጩ መንገር ይበቃል፣ ሱቁ ያለውም ለዚሁ ነው።

ሲገጣጠም ቆመው ይዩ፣ ልጁም ይይ። ሻጩ ሰሌዳውን ባንኮኒው ላይ ያጋድማል። ግሪፕ የሚባለውን፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክረውን ጥቁር ልጥፍ ጀርባውን ይልጣል፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ አየር እንዳይቋጥር በመዳፉ እየተጫነ ይለጥፋል። ከዚያ ሞረድ አንስቶ ዙሪያውን ጠርዝ ጠርዙን ይፈገፍጋል። ጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ያንን መስመር ተከትሎ በምላጭ ሲቆርጥ ትርፉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቃል። ስምንት ቀዳዳ በብሎን መፍቻ ይበሳል፤ ጎማዎቹን የያዙት ሁለቱ ብረቶች፣ ትራኮቹ፣ በስምንት ብሎን ይታሰራሉ። ብዙ ጊዜ ከስምንቱ አንዱ ብሎን ቀለሙ የተለየ ነው፤ ልጁ የሰሌዳውን አፍንጫ ከጅራቱ የሚለየው በእሱ ነው። ሥራው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሱቆች ሰሌዳ ለገዛ ሰው ግሪፑንም ድካሙንም አያስከፍሉም፤ የመርካቶ ነጋዴ ምርቃት የሚለው ይህ ነው። በኢንተርኔት የታዘዘ ሳጥን ይህን አያደርግም።

የራስ ቁር በዚያው ቀን ይገዛ። ውስጡ ያለውን ምልክት አንብበው የአሜሪካ ደንብ የሆኑትን ሲፒኤስሲ እና ኤኤስቲኤም ኤፍ 1492 የሚሉትን ይፈልጉ። ሁለተኛው በተለይ ለስኬትቦርድ የወጣ ነው። የሌላ ሰው ያገለገለ ቁር አይውሰዱ፤ አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያውቀው ነገር እንግባ፤ ሱቁ የሚኖረው በምንድን ነው? ስሙ የስኬትቦርድ ሱቅ ቢሆንም በሰሌዳና በጎማ የሚያገኘው ትርፍ ቀጭን ነው። ኪራዩን የሚከፍሉት ጫማና ልብስ ናቸው። ስለዚህ ጫማውን ሱቁ ውስጥ ለክቶ፣ ቁጥሩን አውቆ፣ ወጥቶ በስልክ ከሌላ ቦታ የሚያዝ ሰው ሱቁን ከሁሉ በላይ ይጎዳዋል። ባለሱቁ ድካሙን ሰጥቶ ትርፉን ሌላ ወሰደው። ልጁ በየጥቂት ወሩ ጫማ ይጨርሳል፣ ግሪፑ ይበላዋልና። ያንን ጫማ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሹራብ ከዚያው ሱቅ መግዛት በየወሩ ከሚሰጥ ልገሳ የማይተናነስ ድጋፍ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሱቆች የራሳቸውን ስም ያተሙበት ሰሌዳ አላቸው። ብዙ ጊዜ የታዋቂ ስኬተር ስም ካለበት ሰሌዳ ይረክሳል፣ እንጨቱም ከዚያው ዓይነት ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ለሱቁ ደግሞ የተሻለ ትርፍ ይተውለታል። ገዢም ሻጭም የሚጠቀሙበት ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ይህ አንዱ ነው። ሰሌዳ በተሰበረ ቁጥር በዚህ ይተኩ።

በሐበሻ ገበያ ወግ ሳይከራከሩ መግዛት የሞኝ ሥራ ይመስላል። እዚህ ግን ክርክሩን ይተዉት። ዋጋው ተለጥፎ የተቀመጠ ነው፣ ትርፉም ያን ያህል አይደለም። ሱቁ ለሰፈር ልጆች የሚቀንሰው ነገር ካለ ሳይጠየቅ ይቀንሳል፤ ያ ቅናሽ ለቸገረው ልጅ ቢቀር መልካም ነው። «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ስፖንሰር አድርጉት» የሚለውንም እንዲሁ ይተዉት። ስፖንሰር የሚደረግ ልጅ ለዓመታት ሱቁ ውስጥ የታየ፣ ሜዳ ሲጸዳ መጥረጊያ የያዘ፣ ታናናሾቹን ያስተማረ ልጅ ነው።

ገንዘብ ሰብሰብ አድርጎ መሄድ ደግሞ ኃይል አለው። እቁብና እድር ለሚያውቅ ማኅበረሰብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አምስት ስድስት ቤተሰብ ተነጋግሮ የልጆቹን የራስ ቁርና ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ቢያዝ፣ ሱቁን አንድ እሑድ ከሰዓት ልጆቹን እንዲያስተምር ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የአማርኛ ትምህርት ቤት ያለው አጥቢያ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ካለው፣ ቦታውን ማዘጋጀት ይችላል። ፈቃዱን ከንብረቱ ባለቤት፣ ኢንሹራንሱን ከሚመለከተው ቀድሞ መጠየቅ የአዋቂዎች ሥራ ነው።

ያገለገለ ዕቃ መስጠት ለሚፈልግ፦ ሱቁ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይደውሉ። ለሁለት የተሰበረ ሰሌዳ ለማንም አይጠቅምም። ትራክ ግን ዓመታት ይቆያል፣ ጎማም ካልተቦጨቀ ይነዳል፤ እነሱን ፈትተው ብሎኖቹን በትንሽ ከረጢት አስረው ይውሰዱ። ዝናብ የመታው ኩሽኔታ ይዝጋል፤ በአልኮል አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምረው በጣት ሲያሽከረክሩት ሳይንኳኳ የሚዞር ከሆነ ይስጡት። የማይዞረውን ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት። ለድሃ ልጅ የሚሰጥ ስለሆነ ምንም ይሁን የሚለው አስተሳሰብ የሱቁን ጓዳ በቆሻሻ ይሞላዋል፣ ልጁንም ያሳፍረዋል።

ገንዘብ ለመስጠት ያሰበ ሰውም አንድ ነገር ይጠይቅ። ሱቅ ንግድ ነውና ለሱቁ የተሰጠ ብር በአሜሪካ የግብር ሕግ እንደ በጎ አድራጎት አይቆጠርም። ሱቁ በበጎ አድራጎትነት የተመዘገበ ክንፍ ካለው ወይም ከተመዘገበ ድርጅት ጋር የሚሠራ ከሆነ ለእሱ ይስጡ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ።

ከገንዘብ ውጭ ያለው ድጋፍ ደግሞ ድምፅ ነው። ስኬተሮች የሚነዱበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ለሌላ ነገር የሚፈልገው ቦታ ነው። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ሳውዝባንክ ሴንተር ከተባለው የጥበብ ማዕከል ሥር ያለውን፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተነዳበትን ምድር ቤት ሱቅና ምግብ ቤት ለማድረግ በ2013 እ.ኤ.አ. ዕቅድ ወጣ። ስኬተሮቹ ቦታው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው መንገደኛውን ሁሉ ማስፈረም ያዙ። ለአካባቢው ወረዳ አስተዳደር ከ27 ሺህ በላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ገባ። በ2014 እ.ኤ.አ. ቦታው ለስኬተሮች እንዲቆይ ስምምነት ተፈረመ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ክፍል ታድሶ ተከፈተ። ያ ሁሉ ደብዳቤ የስኬተር ብቻ አልነበረም፤ ስኬትቦርድ ረግጦ የማያውቅ ሰውም ጽፏል።

ፖርትላንድ፣ ኦሬገን ላይ ደግሞ ነገሩ በደቦ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ጥቂት ስኬተሮች በርንሳይድ ድልድይ ሥር ማንንም ሳያስፈቅዱ የራሳቸውን ሲሚንቶ አቡክተው መገንባት ጀመሩ። ከተማው ኋላ ተቀበለው፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሜዳዎች አንዱ ነው። አንባቢው ሕገ ወጥ ግንባታ ይጀምር ለማለት አይደለም። ግን የከተማው ምክር ቤት ስለ ሜዳ ስብሰባ ሲጠራ፣ ቀኑን ቀድሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ስኬት ሱቅ ነው። ከባለሱቁ ጠይቀው ይሂዱ። አንዲት እናት ተነስታ «ልጄ ከትምህርት ቤት በኋላ የምትውለው እዚያ ነው» ስትል ከአሥር ጎረምሶች ንግግር ይበልጥ ትሰማለች።

ለመጀመር ቀን የሚፈልግ ሁለት ቀን አለው። አንዱ በየዓመቱ ሰኔ 14፣ በፈረንጆቹ ጁን 21 የሚከበረው የስኬትቦርድ ቀን ነው፤ ሱቆች የሰፈር ጉዞና ውድድር ያዘጋጁበታል። ሁለተኛው የስኬት ሱቆች ቀን ነው። ይህን ያስጀመሩት በ2020 እ.ኤ.አ. ኤንጄ ስኬትሾፕ የተባለው የአሜሪካ ሱቅ አንዱ ባለቤት ክሪስ ኒራትኮ እና ስኮቲ ኮትስ ናቸው፤ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ይውላል። ወሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሜዳው በረዶ ነው፣ ሱቁ ገዢ የለውም፤ ሱቅ መጎብኘት ከተፈለገ ያኔ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው ቡድን ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ ከተባለው ድርጅትና ከብዙ አገር ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. (በ2016 እ.ኤ.አ.) የከተማዋን የመጀመሪያ የሕዝብ ስኬትቦርድ ሜዳ ገንብቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የተባለው የሴቶች ልጆች ቡድን ተመሠረተ፤ ልጃገረዶች ተሰብስበው አብረው ይነዳሉ፣ የቻለችው ያልቻለችዋን እጇን ይዛ ታስተምራለች። ሜዳው አለ፣ ልጆቹ አሉ። የሚያጥረው ዕቃ ነው። እንደ ዋሽንግተን ወይም ሙንስተር ብቅ ተብሎ ጎማና ኩሽኔታ የሚገዛበት ሱቅ ስለሌለ ሰሌዳው የሚመጣው በአብዛኛው በእርዳታና በመንገደኛ ሻንጣ ነው። በየቀኑ የሚነዳ ሰሌዳ ደግሞ ወራትን ቢቆይ ነው።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ የሰፈሩን ሱቅና የአዲስ አበባን ልጆች በአንድ ጊዜ መርዳት ይችላል። ሙሉ ስኬትቦርድ ብዙ ጊዜ ከ3 ኪሎ ግራም አይበልጥም፣ ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ትራኩ ሲፈታ ሰሌዳው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ይገባል። ቦታ ከሌለ ኩሽኔታ፣ ብሎንና ግሪፕ ብቻ ይያዙ፤ ቀላል ናቸው፣ ግን እነሱ ከሌሉ ሰሌዳው ይቆማል። ከመነሳትዎ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ለሱቁ ወዴት እንደሚሄዱ ይንገሩ፤ ጓዳ ውስጥ የቆየ፣ ፋሽኑ ያለፈ፣ በግማሽ ዋጋ የሚለቁት ሰሌዳ ሊኖራቸው ይችላል። ለቡድኖቹ አስቀድመው ጽፈው የሚያስፈልጋቸውን መጠን ይጠይቁ፣ ልክ ያልሆነ ጎማ ተሸክሞ መሄድ ድካም ነው። ብዛቱ የግል መገልገያ ከመምሰል ካለፈ ጉምሩክ ይጠይቃልና ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ያኑሩ።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር መንገደኛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለመደው ትኬት 23 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። ከሚቀጥለው ጉዞዎ ላይ 3 ኪሎዋን ለአንድ ሰሌዳ ይተዉላት፤ ሰሌዳውንም ከሰፈርዎ ሱቅ ይግዙት።